እግሩን ሳላይ ስም ያወጣሁለት ነጭ ሲጋል

ባለፈው ጃንዋሪ ሃያ የሚጠጉ ሰዎች በእኔ ወሬ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ቶሮንቶ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ሲንዘፈዘፉ ዋሉ። አንዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነድቶ ነው የመጣው። ብርዱ ከዜሮ በታች 17 ነበር። ንፋሱማ ባይወራ ይሻላል። ሁሉም የመጡት እኔ «አየሁት» ያልኩትን ወፍ ፍለጋ ነው። ያየሁት ወፍ ግን ያልኩት ወፍ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው በብርድ አገር ሐይቅ ወይም ባሕር ዳር ለምትኖሩ፣ ክረምቱ ቤት ውስጥ ሲቆልፍባችሁ «እስቲ ወፍ ማየት ልጀምር» ላላችሁ ነው። እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳትወድቁ። ወሬው ስለ ካሜራ፣ ስለ ጣት፣ ስለ ወፍ እግርና ስለ ቸኩሎ መናገር ነው።

እንዴት እንደገባሁበት ባጭሩ ላውራ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። ክረምት ስል የሐምሌን ዝናብ አይደለም፤ የዚህን አገር ክረምት ነው። በጨለማ ገብቼ በጨለማ የምወጣበትን። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ክረምት ሰውነቴ እምቢ አለ። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይጥመኝም፣ ስልክ ሲጠራ እያየሁ አላነሳም። ሐኪሟ ከነገረችኝ ነገሮች አንዱ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ላይ መራመድ ነበር። እኔም ከሥራ ስወጣ የኩዊን ጎዳናን ስትሪትካር (በጎዳና ላይ የሚሄደውን የከተማ ባቡር) ይዤ ኮክስዌል ላይ እወርድና ወደ አሽብሪጅስ ቤይ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ሐይቁ ዳር ሰው ጥቂት ነው፤ ወፍ ግን መዓት ነው። ሦስት ሳምንት ዝም ብዬ ካየሁ በኋላ ያገለገለ ባይኖኩላር ገዛሁ። ከዚያ ረጅም ዙም ያለው ካሜራ። ከዚያ የወፍ መለያ መጽሐፍ። ነገሩ እንዲህ ነው የሚይዘው።

እናቴ በስልክ «በዚያ ብርድ አሞራ ለማየት ነው የምትወጪው?» ትለኛለች። ያደግሁት ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ አባ ኮዳ ከሰው ጋር እየተጋፋ የዓሣ ጭንቅላት ሲሻማ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሐይቁ ላይ ጭንቅላቱ ግራጫ የሆነ ሲጋልም (በእንግሊዝኛ ባጭሩ ጋል የሚባለው የውሃ ወፍ) ነበር። ያኔ ለእኛ «ነጩ የውሃ ወፍ» ነው፤ አለቀ። ስም አልሰጠነውም፤ እሱም አልጠየቀንም።

ቶሮንቶ ላይ ግን ስሙን ካላወቅሁ አልተኛም አልኩ። ሲጋል ደግሞ ለጀማሪ የሚመከር ወፍ አይደለም። በክረምት እዚህ የምታዩት አብዛኛው ከሦስት አንዱ ነው። ትንሹ ሪንግ ቢልድ ጋል ይባላል፤ እግሩ ቢጫ፣ መንቁሩም ቢጫ ሆኖ ጫፉ አካባቢ ጥቁር ቀለበት አለው። በርገር ቤት ደጃፍ ድንች የሚነጥቃችሁ እሱ ነው። ሄሪንግ ጋል ይተልቀዋል፤ እግሩ ሮዝ ነው። ግሬት ብላክ ባክድ የሚባለው ደግሞ ግዙፉ ነው፤ ጀርባው ከሰል የመሰለ። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ ዕድሜ ነው። ሪንግ ቢልድ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ሦስት ዓመት፣ ሄሪንግ አራት ዓመት ይፈጅበታል፤ በየዓመቱም ልብሱ ይለያያል። የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለ ሄሪንግ ጋል ነጭ አይደለም። ሰርገኛ ጤፍ ነው፤ ቡናማው ከነጩ ተቀላቅሎ የተዘራበት። እኔ ደግሞ ያኔ የማውቀው የሦስቱንም ጎልማሶች ብቻ ነበር። ሰርገኛውን ሁሉ «ሕፃን» እያልኩ አልፈው ነበር።

ያቺ ቅዳሜ እንዲህ ሆነች። ከሥራ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ስደርስ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ነበር። ኦንታሪዮ ሐይቅ ጥልቅ ስለሆነ፣ እስከ 244 ሜትር ይወርዳል፣ መሃሉ እምብዛም አይጋገርም። ጀልባ የሚያቆሙባቸው ጥጎች ግን በረዶ ይሠራሉ፤ ሲጋሎቹም እዚያ ላይ ያርፋሉ። ከበረዶው ጫፍ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ፣ አንድ ወፍ ተኝቷል። ነጭ። የክንፉ ጫፍ ጭምር ነጭ። የሄሪንግም የሪንግ ቢልድም የክንፍ ጫፍ ጥቁር ነው፤ ይህን ያህል አውቃለሁ። ይህኛው ግን አንዲት ጥቁር ነጥብ የለውም፤ ዓይኑ ብቻ ጥቁር። መንቁሩ ከሩቅ ግራጫ መሰለኝ። ልቤ መምታት ጀመረ።

ካሜራዬን አውጥቼ 43 ጊዜ አነሳሁት። ባትሪው በብርዱ ሞተ። እጄ ደነዘዘ። ወፉ ተነስቶ እስኪበር እንኳ ሳልጠብቅ እየሮጥኩ ወደ ስትሪትካሩ ሄድኩና መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለጥኩት።

አይቮሪ ጋል! ሥዕሉ እንደ ወተት ነጭ። ዓይን ጥቁር። መንቁር ግራጫ፣ ጫፉ ቢጫ። እግር ጥቁር። ይህ ወፍ ከሰሜን ዋልታ በረዶ ብዙም የማይርቅ፣ የዋልታ ድብ በልቶ የተወውን የሚለቃቅም ነው። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመድቧል። ቶሮንቶ ላይ ብቅ ካለ ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል። እኔ፣ ከሐዋሳ የመጣሁት፣ ሁለት ወር ያልሞላኝ ጀማሪ፣ እሱን አገኘሁት!

እዚያው ስትሪትካር ውስጥ ሆኜ የአካባቢው ወፍ ተመልካቾች ለሚጻጻፉበት ቡድን መልእክት ላክሁ። ቃል በቃል ባይሆንም እንዲህ የሚል ነበር፦ አይቮሪ ጋል፣ አሽብሪጅስ ቤይ፣ በረዶው ላይ፣ ሙሉ ነጭ፣ ዓይኑ ጥቁር፣ እግሩ ጥቁር። የመጨረሻዋን ቃል ያዙልኝ።

እሑድ ጠዋት ስመለስ መኪና ማቆሚያው ሞልቷል። ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ተደርድሯል። ሰው ሁሉ በትህትና «አንቺ ነሽ ያየሽው?» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት አለፈ። ነጩ ወፍ የለም። ሰዎቹ ሄሪንግ ጋሎቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይመለከታሉ፤ ያጉረመረመ የለም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ከዚያ ቀይ ኮት የለበሱ አንዲት አዛውንት አጠገቤ መጡ። ሲጋል ማየት ከጀመሩ የእኔን ዕድሜ የሚበልጥ ጊዜ ሆኗቸዋል። ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀዱልኝና ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ከየትኛው ወፍ አጠገብ ነበር? መንቁሩ ላይ የጠቆረው በሹል መስመር ነው የሚያልቀው ወይስ እየደበዘዘ? ሲቆም አይተሽዋል?

የመጀመሪያውን መመለስ አልቻልኩም፤ ብቻውን ነበር። ሁለተኛውንም አልቻልኩም። ለሦስተኛው «አዎ፣ እግሩ ጥቁር ነው» አልኩ። በሙሉ እርግጠኝነት። እሳቸውም «ጥሩ፤ ፎቶውን እስቲ ማታ በትልቅ ስክሪን እዪው» ብለውኝ ሄዱ።

ማታ ላፕቶፕ ላይ 43ቱንም ፎቶ አየሁ። ወፉ በአርባ ሦስቱም ላይ በሆዱ ተኝቷል። አንድም እግር የለም። ግማሽ እግር እንኳ የለም። ጣት የለም። እኔ ግን ጥቁር እግር ትዝ ይለኛል! ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ፤ ቀጭን፣ አጭር፣ ጥቁር፣ በረዶው ላይ የቆመ። ያ እግር ከሐይቁ አልነበረም የመጣው። ከመጽሐፉ ነው። ስትሪትካር ውስጥ ሥዕሉን ሳየው አእምሮዬ ቆርጦ ወስዶ እኔ ባየሁት ወፍ ሥር ለጥፎታል። ይህንን ነገር ብዙ ሰዓት ተቀምጬ አሰብኩበት። አልዋሸሁም፤ ግን ያልኩት እውነት አልነበረም። ሌሊቱን ሥራ ላይ ሆኜም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስንት ነገር ነው እንዲህ «አይቼዋለሁ» ያልኩት?

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ። ወፉ ፊታችሁ እያለ። በምን ቋንቋ ቢሆን ግድ የለም፤ እኔ በአማርኛ ነው የምጽፈው። ያላያችሁትንም ጻፉ፦ «እግር አላየሁም»፣ «ሲበር አላየሁም»። በኋላ መጽሐፉ ክፍተቱን ሊሞላላችሁ ሲመጣ ቦታው ተይዟል።

ሌላ ጉድም ነበር። ፎቶዎቹ ተቃጥለዋል። «በረዶ ላይ ስታነሱ ብርሃኑን ጨምሩ» የሚል ምክር የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። ምክሩ ለመልክዓ ምድር ልክ ነው፤ ካሜራ በረዶን ግራጫ ያደርገዋልና። ነጭ ወፍ ላይ ግን፣ በተለይ ፀሐይ ሲያርፍበትና ከኋላው ጥቁር ውሃ ሲኖር፣ ብርሃን ከጨመራችሁ ላባው ሁሉ እንደ ኖራ አንድ ወጥ ይሆናል። ፈዛዛ ቡናማ ላባ ቢኖረው እንኳ አይታይም። የእኔ ወፍ «ሙሉ ነጭ» የሆነው በከፊል በእኔው ካሜራ ነው። አሁን የላባው ጥላ እስኪታየኝ ድረስ ብርሃኑን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ፎቶው ትንሽ ቢጨልም በኋላ ይስተካከላል፤ የተቃጠለ ግን አይመለስም።

ለቡድኑ እንደገና ጻፍኩ። «እግሩን አላየሁም። ጥቁር ያልኩት ከመጽሐፍ ነው። ይቅርታ።» እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የላክሁት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ግን በደንብ ታወቀኝ። ብዙዎቹ «ሁላችንም ደርሶብናል» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ነድቶ የመጣው ሰውዬ ምንም አልመለሰም። አልፈርድበትም።

ስለ ጣቴ ልንገራችሁ፤ ይህ ከወፉ ይበልጣል። ያን እሑድ አፍሬ ሰው ሳይሄድ አልሄድም ብዬ አራት ሰዓት ቆምኩ። ጓንቴ ስስ ነበር፤ ካሜራ ለመንካት እንዲመቸኝ። የቀኝ እጄ ጠቋሚና መሃል ጣት መጀመሪያ ቆጠቆጡኝ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ «ለመድኩት» ብዬ ነበር። ጓንቱን ሳወልቅ ጫፋቸው እንደ ሻማ ነጥቷል፤ ብነካውም አይሰማኝም። ማሸት ጀመርኩ፤ አንዱ እጄን ይዞ አስቆመኝ። አይታሽም። ብብት ውስጥ ከትቶ ወይም ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብሎ ማሞቅ ነው። እሳትም ማሞቂያም ላይ አይደረግም፤ ስለማይሰማችሁ ሳታውቁት ትቃጠላላችሁ። ቀለሙና ስሜቱ ካልተመለሰ ደግሞ ወደ ሐኪም ነው። የእኔ ተመለሰ፤ ሲመለስ ግን አስለቅሶኛል። አሁንም ብርድ ሲሆን መጀመሪያ የሚያመኝ ያ ጣት ነው። ከውስጥ ስስ ጓንት፣ ከላይ ጣት የማይለይ ወፍራም ጓንት አድርጉ። ትርፍ ባትሪ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙ። ቤት ስትገቡ ካሜራውን ገና ውጭ ሳላችሁ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስራችሁ፣ እስኪሞቅ ሳትከፍቱት ተዉት፤ አለዚያ እርጥበቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል።

አንድ ሌላ ሞኝነት አለ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፦ በሚቀጥለው ሳምንት ለመቅረብ ብዬ በረዶው ላይ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ፣ ከእግሬ ሥር ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰውዬ ጮኾብኝ ተመልሻለሁ። ለሲጋል ብላችሁ በረዶ ላይ አትውጡ። በፍጹም።

ነጩ ወፍ የተመለሰው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ሐሙስ ጠዋት። ሰማዩ ደመና፣ ብርሃኑ ለስላሳ። መኪና ማቆሚያው ላይ አንዱ ከመኪናው መስኮት የተጠበሰ ድንች ወረወረ፤ ሲጋሎቹ እየጮኹ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዱ ነጭ ነው። ከእኔ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ አስፋልቱ ላይ ቆመ።

ቆመ! እግሩ ሮዝ ነው። እንደ ሕፃን ተረከዝ ሮዝ።

አይቮሪ ጋል እዚያው ላይ አበቃለት። እኔ ግን አልተማርኩም፤ ወዲያው ውስጤ «ግላውከስ ነው!» አለ። ግላውከስ ጋል ከአርክቲክ የሚመጣ ትልቅ ሲጋል ነው፤ ወጣቱ ነጣ ያለ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ያልሆነ፣ እግሩ ሮዝ። እዚህ ክረምት ክረምት ጥቂት ጥቂት ይታያል። ስልኬን አወጣሁ፤ ጣቴ መልእክት መጻፊያው ላይ ደረሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩና ደብተሬን አወጣሁ።

የጻፍኩት እነሆ፣ ደብተሩ አሁንም አጠገቤ ነው። «እግር ሮዝ። ዓይን ጥቁር። መንቁር፦ ሥሩ ደብዛዛ ሮዝ፣ ወደ ጫፉ እየጠቆረ ይሄዳል፣ መስመር የለውም። ግራና ቀኙ ሄሪንግ አለ። ቁመቱ እኩል። ጭንቅላቱ እኩል። ከጎኑ ያለው ሲገፋው ይሸሻል። ግራ ክንፍ ላይ አንድ ቡናማ ላባ፤ ቀኝ ላይ የለም። ጅራቱ ላይ ቡናማ ጠቃጠቆ። የክንፉ ጫፍ ተሸራርፏል፤ እንደ አሮጌ መጥረጊያ።» ከዚያ ሲበር ለማንሳት ጠበቅሁ። ሃያ ደቂቃ። ሲበር ክንፉን ዘርግቶ ሦስት ፎቶ ሰጠኝ።

ማታ ለቀይ ኮቷ እናት ላክሁላቸው። (በልቤ እንዲህ ነው የምጠራቸው።) መልስ እንዲሰጡኝ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን «አንቺ ምን ይመስልሻል?» ብቻ አሉ። ተናደድኩ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከፈትኩ፤ አሁን ግን ደብተሩ አጠገቡ ተቀምጧል።

ግላውከስ ጋል ግዙፍ ነው። ከሄሪንግ ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ያስታውቃል፤ ሌላው ነው የሚሸሽለት። የመጀመሪያ ክረምቱ ላይ ያለ ከሆነ መንቁሩ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው፤ ቀለም ውስጥ እንደተነከረ ብዕር፣ መስመሩ ጥርት ያለ። ላባውም እንደ ኖራ ነጭ አይደለም። ማኪያቶ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ገላው ሁሉ ላይ ደቃቅ ቡናማ መስመር ተጽፏል። የእኔ ወፍ መንቁሩ የደበዘዘ፣ ቁመቱ እኩል፣ የሚሸሸውም እሱ ራሱ። ወደቀ።

አይስላንድ ጋልስ? (በነገራችን ላይ ስሙ አይስላንድ ቢሆንም እዚያ አይፈለፈልም፤ ግሪንላንድና የካናዳ አርክቲክ ነው።) እሱ ከሄሪንግ አነስ ይላል። ጭንቅላቱ ክብ፣ ፊቱ የዋህ የሚመስል፣ መንቁሩ አጭር። ሲቆም የክንፉ ጫፍ ከጅራቱ አልፎ ረዘም ብሎ ይታያል። የእኔው ወፍ ግንባሩ ጠፍጣፋ፣ መንቁሩ ወፍራም፣ ፊቱም የዋህ አይደለም፤ ድንች ቀማኛ ፊት ነው።

በነጭነቱ ላይ አይኔን ሳላሳርፍ ቅርጹን ብቻ ሳየው አጠገቡ ከቆሙት ሄሪንግ ጋሎች አይለይም። ቀለሙን ብትቀቡት ሄሪንግ ጋል ነው። ማለትም ሄሪንግ ጋል ነው፤ ቀለም የጎደለው።

ይህ ሉሲዝም ይባላል። የእኛዋን ሉሲን አይነካም፤ ስሙ የመጣው ነጭ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ላባ ጥቁርና ቡናማ የሚሆነው ሜላኒን በሚባል ቀለም ነው። ያ ቀለም በውርስ ችግር ምክንያት ወደ ላባው በከፊል ወይም በሙሉ ሳይደርስ ሲቀር ወፉ ይነጣል። ዓይኑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አልቢኖ ቢሆን ዓይኑ ሮዝ ይሆን ነበር። ሜላኒን ላባን ያጠነክራል፤ የብዙ ሲጋል የክንፍ ጫፍ ጥቁር መሆኑ ከመፋተግ ይጠብቀዋል። ነጭ ላባ ቶሎ ያልቃል። «እንደ አሮጌ መጥረጊያ» ብዬ ትርጉሙን ሳላውቅ የጻፍኩት ለካ ዋናው ምስክር ነበር። ግራ ክንፍ ላይ ብቻ ያለችው ቡናማ ላባም እንዲሁ። ግላውከስ ሁለቱ ክንፎቹ ይመሳሰላሉ፤ በአንድ ጎን ብቻ ጠብ ያለ ቀለም ግን የሉሲዝም ጠባይ ነው።

የደረስኩበትን ጽፌ ላክሁ። «ጥሩ» አሉኝ። ቀጥለውም ሄሪንግና ግላውከስ የሚዳቀሉበት ጊዜ እንዳለ፣ ድቅላው ኔልሰንስ ጋል እንደሚባል፣ ስለዚህ በመዝገቤ ላይ «ሄሪንግ ጋል፣ ሉሲዝም፣ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ እንድጽፍ ነገሩኝ። «ሳይሆን አይቀርም»ን መጻፍ መጀመሪያ ከበደኝ። ይህን ያህል ብርድ በልቼ ለ«ሳይሆን አይቀርም»? አሁን ደብተሬ ውስጥ በጣም የማምናቸው ገጾች እሱ ያለባቸው ናቸው።

ነጭ ሲጋል ካያችሁ እንግዲህ፣ ነጭነቱን ለመጨረሻ አቆዩት። መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን ወፍ ለዩ፤ እሱ ነው ሜትራችሁ። ብቻውን ያለ ወፍ መጠኑ አይታወቅም፤ በረዶ ላይ ደግሞ ከርቀት ርግብም ዝይ ይመስላል። ከዚያ መንቁር። ከዚያ እግር፤ ከተኛ እስኪቆም ጠብቁ። ከዚያ ሲበር የሁለቱን ክንፎች ጫፍ አስተያዩ። ብርቅ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ለሰው መናገር ክልክል አይደለም፤ ዝም ብትሉ እንዲያውም ሌላው የሚያረጋግጥበት ዕድል ያመልጣል። ግን የወፉን ስም ሳይሆን ያያችሁትን ላኩ። «በረዶ ላይ የተኛ ነጭ ሲጋል፣ የክንፉ ጫፍ ነጭ፣ እግሩን አላየሁም፣ ፎቶው ይኸው» ብል ኖሮ ያ ሰውዬ ምናልባት ቤቱ ቡናውን ይጠጣ ነበር።

ነጩ ወፍ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጠፋ። ለእናቴ ነግሬያታለሁ። «ታዲያ ከሌሎቹ ጋር ይኖራል? አይገፉትም?» አለችኝ። ድንች ላይ ይገፉታል አልኳት። «ድንች ላይማ ሁሉም ይገፋፋል» አለች።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ፣ እንደልማዴ ከሥራ ወጥቼ፣ እዚያው በረዶ ላይ ሲጋሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እያየሁ ነበር። ሄሪንግ፣ ሄሪንግ፣ ሰርገኛ፣ ሄሪንግ። ከዚያ አንድ ማኪያቶ። አጠገቡ ያሉት ሁለቱ ሄሪንግ የእሱ ልጆች ነው የሚመስሉት። መንቁሩ ሮዝ፤ ጫፉ ቀለም ውስጥ ተነክሯል። ደብተሬን አወጣሁ፣ ጻፍኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ከዚያ ለቀይ ኮቷ እናት አንድ መልእክት ላክሁ። ስም አልጻፍኩም፤ ያየሁትን ብቻ።

ወዲያው መለሱ። «እግሩስ?»

«ሮዝ። ቆሟል።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቴርሞሳቸውን ይዘው መጡ። ወፉ አሁንም እንደቆመ ነበር።